ከባርነት አምልጦ ወደ ማራኪዎቹ የተመለሰው ፓትሪክ

በየዓመቱ በፈረንጆች ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8 ቀን፣ አይሪሾች አረንጓዴ ለብሰው አደባባይ ይወጣሉ። የቺካጎ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በዚያ ሰሞን ወንዛቸውን ሳይቀር አረንጓዴ ቀለም ያጠልቁታል። ቀኑ የፓትሪክ የዕረፍቱ መታሰቢያ ነው። እኛ ወንጌላውያን የቅዱሳንን ቀን የማክበር ልማድ ባይኖረንም የዚህን ሰው ታሪክ ማለፍ ግን ያሳዝናል።

አስቀድመን ተረቱን እንለይ። ከአየርላንድ እባቦችን አባረረ ይባላል፤ ደሴቲቱ ግን ከበረዶው ዘመን ወዲህ እባብ ኖሯት አያውቅም። በሦስት ቅጠል ሣር ሥላሴን አስተማረ የሚለውም ተጽፎ የተገኘው እርሱ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እውነተኛው ታሪክ ራሱ ከጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች፣ ከኑዛዜውና ከአንድ ደብዳቤው ይገኛል።

ፓትሪክ የኖረው በአምስተኛው መቶ ዘመን ነው። የተወለደው በአየርላንድ ሳይሆን የሮማውያን ግዛት በነበረችው በብሪታንያ ነው። አባቱ ካልፖርኒየስ ዲያቆን፣ አያቱም ቄስ ነበሩ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ እንደ መሰከረው በወጣትነቱ እውነተኛውን አምላክ አያውቅም ነበር። በአገልጋይ ቤት ያደጉ ይህ ነገር ይገባቸዋል።

16 ዓመት ገደማ ሲሆነው የአየርላንድ ወራሪዎች ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር ማርከው ወሰዱት። በዚያ 6 ዓመት ባሪያ ሆኖ መንጋ ጠበቀ። ልቡ ወደ ጌታ የተመለሰው እዚያው ነው። በቀን እስከ መቶ ጊዜ፣ በሌሊትም ከዚያ ብዙም ሳያንስ ይጸልይ ነበር፤ በረዶና ዝናብ ሳይከለክለው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣ ነበር። አንድ ሌሊት መርከብ እንደ ተዘጋጀለት የሚነግረው ድምፅ በእንቅልፉ ሰማ። መርከቡ ያለበት ስፍራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ተነሥቶ ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አገሩ ገባ። ወላጆቹ ከእንግዲህ እንዳይለያቸው ለመኑት።

እርሱ ግን በሌሊት ራእይ ቪክቶሪከስ የሚባል ሰው ብዙ ደብዳቤ ይዞ ከአየርላንድ ሲመጣ አየ። አንዱን ሲያነብ የዚያ አገር ሕዝብ ተመልሶ በመካከላቸው እንዲመላለስ ሲማጸኑት ሰማ፤ ልቡ ተነክቶ ማንበቡን መቀጠል አቃተው። ባሪያ አድርገው የገዙት ሰዎች ናቸው እንግዲህ የሚጠሩት!

ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተመለሰ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም አጠመቀ። ሴቶች ጌጣቸውን አውልቀው መሠዊያው ላይ ሲጥሉለት ይመልስላቸው ነበር፤ በስጦታው ምክንያት ወንጌል እንዳይነቀፍ ፈርቶ ነው። በብሪታንያ የነበሩ ሽማግሌዎች ግን በልጅነቱ ሠርቶ ለወዳጁ የተናዘዘውን ኃጢአት ከ30 ዓመት በኋላ አንሥተው ከሰሱት። ቁስሉ በጽሑፉ ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። በባርነት የጠፋው የትምህርት ዘመንም ያሳፍረው ነበር፤ ላቲኑ ሻካራ መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል።

ከአማኞቹ ሁሉ ይበልጥ መከራ የሚቀበሉት በባርነት ያሉ ሴቶች መሆናቸውን ጽፏል። ይህን የሚጽፈው ባርነትን የቀመሰ ሰው መሆኑን አንርሳ።

ኋላም ኮሮቲከስ የተባለ አለቃ ወታደሮች በፓትሪክ ምእመናን ላይ ወረዱ። የተጠመቁት በዋዜማው ነበር፤ ነጭ ልብሳቸውን አላወለቁም፣ የተቀቡትም ቅባት ከግንባራቸው አልደረቀም። ከፊሎቹን ገደሉ፤ የቀሩትን ሊሸጧቸው ነዱ። ፓትሪክ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ መልእክተኞች ቢልክ ሣቁባቸው። ወራሪዎቹ ደግሞ አረማውያን አልነበሩም፤ በስም ክርስቲያኖች ነበሩ።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። ንስሐ ገብተው ምርኮኞቹን ነጻ እስኪለቁ ድረስ ማንም ክርስቲያን ከእነርሱ ጋር እንዳይበላና እንዳይጠጣ፣ ምጽዋታቸውንም እንዳይቀበል አዘዘ። ደብዳቤው ተደብቆ እንዳይቀር፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊትና በራሱ በኮሮቲከስ ፊት እንዲነበብም ለመነ።