የሳቮ ድልድይ መሐንዲስ

ጆን ሄንሪ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1867 በአየርላንድ ተወለደ። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሆኖ በሕንድ ካገለገለ በኋላ በማርች 1898 ሞምባሳ ደረሰ። የተሰጠው ተግባር ለሙያችን እንግዳ አይደለም፤ ይኸውም ለኡጋንዳ ምድር ባቡር በሳቮ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞች ሌሊት ከድንኳናቸው ይጠፉ ጀመር። ፓተርሰን መጀመሪያ ላይ ወሬውን አላመነም፤ ገንዘባቸውን የፈለጉ ወንበዴዎች ገድለዋቸው ይሆናል ብሎ ገመተ። ኋላ ግን ሁለት ጎፈር አልባ ወንድ አንበሶች መሆናቸው ተረጋገጠ። ሰፈሮቹ በስምንት ማይል ርቀት ውስጥ ተበታትነው ስለ ነበር፣ በአንዱ ሲጠበቁ በሌላው ሰው ይነጥቁ ነበር። የእሾህ አጥሩም አላገዳቸውም።

መሐንዲስ ነውና በእጁ ባለው ዕቃ ወጥመድ ሠራ። በባቡር አግዳሚ እንጨት፣ በሐዲድና በሰንሰለት የተሠራው ይህ ሣጥን ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በአንደኛው ክፍል እንደ ማባበያ የታጠቁ ሰዎች ይቀመጡበታል፤ በሌላው አንበሳው ሲገባ መዝጊያው ይወድቅበታል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ አንበሳው ገባ፣ መዝጊያውም ወደቀ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በድንጋጤ ደንዝዘው ቆዩና በመጨረሻ እንዳገኙ ሲተኩሱ አንዱ ጥይት የመዝጊያውን ብረት መትቶ አወለቀው። አንበሳው አመለጠ። ከመሣሪያው ይልቅ በመሣሪያው የሚጠቀመውን ሰው መርሳት የእኛም የዘወትር ስሕተት ነው።

በዲሴምበር መጀመሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባቡር አስቁመው ተሳፍረው ሄዱ፤ ሥራውም ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ዲሴምበር 9 ማታ ፓተርሰን በተሰባበረ የአህያ ሬሳ አጠገብ አራት ሜትር በማይሞላ ማማ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። አንበሳው ሬሳውን ትቶ እርሱን ይዞረው ጀመር። በጨለማው ውስጥ የሚሰማው ኮቴ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጉጉት እንኳ ቅርንጫፍ መስሏት ከራሱ ጋር ተጋጨች። ከረጅም ጥበቃ በኋላ ደብዛዛ ጥላ ሲያይ ተኮሰ። ሲነጋ የተለካው አንበሳ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሁለተኛው ዲሴምበር 29 ቀን ተገደለ።

ሠራተኞቹ ተመልሰው የብር ዋንጫ ሸለሙት፤ ድልድዩም በፌብሩዋሪ 1899 አለቀ። ወዲያው የመጣው ጎርፍ ጊዜያዊ ድልድዮችን ጠርጎ ሲወስድ የእርሱ ጸንቶ ቆመ።

ፓተርሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአይሁድ በጎ ፈቃደኛ ወታደሮችን አዘዘ፤ በ1947 በካሊፎርኒያ ዐረፈ። የአንበሶቹን ቆዳ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እንደ ምንጣፍ ከተጠቀመበት በኋላ በ1924 በ5000 ዶላር ለቺካጎ ሙዚየም ሸጦት ነበር።

በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ የተበሉትን ሕንዳውያን 28 ሲል አፍሪካውያኑ ግን በመዝገብ እንዳልተያዙ ገለጸ። ሕንዳውያኑ የተቆጠሩት በደመወዝ ዝርዝር ላይ ስለ ነበሩ ይመስለኛል። ኋላ ላይ አኃዙን 135 አደረሰው። በ2009 ተመራማሪዎች የአንበሶቹን አጥንትና ጠጉር መርምረው የተበሉት ሰዎች 35 ያህል እንደሚሆኑ ገመቱ፤ ይህም ተገድለው ሳይበሉ የቀሩትን አይጨምርም።