አክሊሉ ለማ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ (1935–1997) ኢትዮጵያዊ የፓቶባዮሎጂ ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በማግኘታቸው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም የመሠረቱት እርሳቸው ሲሆኑ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የዩኒቨርሲቲ ሥራ

አክሊሉ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት አሜሪካ አገር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤት ሲሆን በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ነበር። በዚያ ዘመን የተቋሙ ዋና ሥራ ማስተማር ነበር። የአገሪቱን በሽታዎች በአገር ውስጥ ላቦራቶሪ የሚመረምር ራሱን የቻለ ክፍል ገና አልተደራጀም ነበር።

በሽታው

ቢልሃርዚያ በደም ሥር ውስጥ በሚኖሩ ጥገኛ ትሎች የሚመጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከታማሚው ሰው በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ይራባል። ከዚያም በብዛት ወደ ውኃው ይወጣና ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ ወይም በእግሩ የሚሻገር ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው ጉበትን፣ አንጀትንና የሽንት ፊኛን ይጎዳል። በይበልጥ የሚያጠቃው ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናትን፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችንና በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎችን ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ትሉ ሕይወቱን መቀጠል አይችልም። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት በሽታውን ለመከላከል ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ ነው።

የአድዋው ግኝት

በ1964 አክሊሉ በአድዋ አካባቢ በሚገኙ ወንዞች የቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ያጠኑ ነበር። በጥናቱ መካከል ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ልብስ ከሚታጠብበት በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሕያዎቹን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሲጨምሯቸው ሞቱ።

እንዶድ በአርሲ፣ በሸዋ፣ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች የሚበቅል ተክል ነው። በአፋን ኦሮሞ አንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብጢ ይባላል። ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ስለሚያወጣ ነጠላና ጋቢ ለማጠብ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ያወጡትን ገዳይ ንጥረ ነገር በአክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

የፓቶባዮሎጂ ተቋም

አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ግኝቱን ከወንዝ ዳር ምልከታ ወደ ማስረጃ ለማሸጋገር ላቦራቶሪ፣ የሠለጠኑ ባለሙያዎችና የዓመታት የመስክ ሥራ ያስፈልግ ነበር።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው ግኝቱ በተገኘበት በአድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት በከተማዋ ወንዞች ውስጥ እንዶድ በየጊዜው ተጨመረ። በትናንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

የኬሚካል ጥናት ባለሙያ ባልደረቦችና የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ለሥራው ትልቅ አስተዋፅኦ አድርገዋል። ዶክተር ለገሠ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ካወዳደሩ በኋላ ብዙ ፍሬና ከፍተኛ የመግደል ኃይል ያለውን መረጡ። ይህ ዝርያ እንዶድ-44 በመባል ይታወቃል።

የዕውቅና ጥያቄ

በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት በዓለም ገበያ የሚሸጠው ዋናው ኬሚካል በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚመረተው ባይሉሳይድ ነበር። ዋጋው ውድ ስለሆነና በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ በሽታው የጠናባቸው ድሃ አገሮች በሚፈልጉት መጠን ሊገዙት አልቻሉም። እንዶድን ግን ገበሬው በጓሮው ሊያበቅለው ይችላል።

ሆኖም ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች እንዶድን ለመደገፍ ዘገዩ። በአዲስ አበባ የተሠሩት የደኅንነት ጥናቶች በቂ አይደሉም ተብሎ ዓለም አቀፍ ደንብን በሚከተሉ ላቦራቶሪዎች እንዲደገሙ ተጠየቀ። እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ በመሆኑ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ለጥናቱ ድጋፍ ሰጠ። እንዶድ ውስንነቶችም ነበሩት። ዓሣን ይገድላል፤ የቀንድ አውጣ እንቁላልን በደንብ ስለማያጠፋ በተደጋጋሚ መጨመር አለበት። በሌላ በኩል በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚበሰብስ መርዙ አይቆይም።

አክሊሉ ከዚህ ተሞክሮ ተነስተው የአፍሪካ ሳይንስ ትልቁ ችግር የዕውቀት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ይከራከሩ ነበር። በእርሳቸው አመለካከት አንድ አገር የራሱ ላቦራቶሪና ተመራማሪ ከሌለው ችግሩን ራሱ ለይቶ መፍታት አይችልም፤ ያገኘውንም መፍትሔ ሌላው እስኪያጸድቅለት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

የኋላ ዘመንና ሽልማት

አክሊሉ ከዩኒቨርሲቲው ከወጡ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች፣ ቀጥሎም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ሠርተዋል። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሽልማት አማራጭ ኖቤል እየተባለም ይጠራል።

በ1990 በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሰጣቸው። በዚያው አጋጣሚ እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን የነበረውን ዚብራ ሙሰል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታየ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ሴቶች ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ዕውቀት የማን ነው የሚል ክርክር አስነስቷል። ዛሬም የባህላዊ ዕውቀት መብት ሲነሳ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ውርስ

አክሊሉ በ1997 አረፉ። እንዶድ እንደታሰበው በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። አንዱ ምክንያት ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ዋጋው ረክሶ በሽታውን መቆጣጠር በዋናነት መድኃኒት በማደል ላይ መመሥረቱ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የዳነው ሰው ወደ ተበከለው ውኃ ሲመለስ ድጋሚ እንዳይያዝ አያደርገውም። በመሆኑም ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ጥያቄ አልተዘጋም።

በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በጥገኛ ትሎችና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ ምርምር ማካሄዱንና ተመራማሪዎችን ማሠልጠኑን ቀጥሏል።