ሊሪ ኮንስታንታይን
ሊሪ ኮንስታንታይን እ.ኤ.አ. በ1901 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በትሪኒዳድ ደሴት ተወለደ። ክሪኬት በተባለው የኳስ ጨዋታ ስሙ ስለ ገነነ፣ በ1929 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ለኔልሰን ከተማ ቡድን በደመወዝ ይጫወት ጀመር። ሕዝቡም አደነቀው። ይሁን እንጂ በ1943 ከቤተሰቡ ጋር ለንደን በሚገኝ አንድ ሆቴል አራት ሌሊት ለማደር ክፍል ይዞ ቢሄድ፣ ጥቁር በመሆኑ ከአንድ ሌሊት በላይ መቆየት እንደማይችል ተነገረው። እርሱም ሆቴሉን ከሶ በ1944 ረታ። የተወሰነለት ካሣ ጥቂት ነበር፤ ፍርዱ ግን ሆቴል ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን መመለስ እንደማይችል አረጋገጠ። ኋላም ሕግ አጥንቶ በ1954 ጠበቃ ሆነ፤ በ1956 በትውልድ አገሩ የምክር ቤት አባልነት ተመረጠ፤ ሚኒስትርም ሆነ። በ1969 የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኖ ተሾመ። በ1971 በለንደን ሲያርፍ፣ አንድ ጊዜ ማደሪያ የተነፈገባት ከተማ የክብር ወንበር ሰጥታው ነበር።