ንግሥት ዘውዲቱ እቴጌ አልነበሩም

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው በስሕተት ነው። በቅርስ ትምህርት ስለ አንዲት የኢትዮጵያ መሪ እንድንጽፍ ሲነገረን ንግሥት ዘውዲቱን መረጥን። በዕብራይስጥ ባነበብነው ላይ ጣይቱም ዘውዲቱም ኬሳሪት ስለሚባሉ እኛም በአማርኛ ሁለቱንም እቴጌ ብለን ጻፍን። ለአንዳችን አያት ስናነብላቸው ገና ከመጀመሪያው መስመር አስቆሙን። እቴጌ የምትባለው የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት እንደሆነች፣ ዘውዲቱ ግን በባል እንዳልነገሡ ነገሩን። ወረቀቱን ቀደን እንደገና ጀመርን።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1876) በወሎ፣ ወረኢሉ ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ገደማ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ይህ ጋብቻ የሁለት ቤተ መንግሥቶች ስምምነት እንጂ የልጅቱ ፈቃድ አልነበረም። እኛ በስድስት ዓመታችን አንደኛ ክፍል ገብተን ፊደል እንቆጥር ነበር። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ዘውዲቱ ወደ አባታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብተው ብዙ ሳይቆዩ ተፋቱ። በአራተኛው የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ፤ በዚህ ትዳር ዓመታት ኖሩ።

በዚያን ጊዜ ዘውዲቱ የሚጠሩት ወይዘሮ ተብለው ነበር። ዛሬ ወይዘሮ ማለት ባል ያላት ሴት ሁሉ ናት፤ ያን ጊዜ ግን የመኳንንትና የነገሥታት ዘር ለሆነች ሴት የሚሰጥ የክብር ስም ነበር። እኛ በዕብራይስጥ ግቬሬት እንደሚባለው መስሎን ነበር። አራት ጊዜ ቢያገቡም ስማቸው አንድ ጊዜም አልተለወጠም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘውዲቱ ምኒልክ ናቸው። በእኛ አገር ጎልዳ ሜኢር ማቦቪች ተብለው ተወልደው በባላቸው ሜየርሶን ሆኑ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ደግሞ ሜኢር የሚለውን የዕብራይስጥ ስም ያዙ። የአንዳችን አያትም ወደ እስራኤል ሲገቡ የባላቸው አባት ስም በመታወቂያቸው ላይ ተጻፈላቸው። በዚያ ስም ሲጠሩ እስከ ዛሬ ቶሎ አይመልሱም።

ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1913) ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ዘውዲቱ ከቤተ መንግሥት ርቀው በፋሌ ተቀመጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ጳጳሱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። በቦታቸው የምኒልክን ሴት ልጅ አነገሡ፤ ራስ ተፈሪን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) አቡነ ማቴዎስ በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑላቸው።

ማዕረጋቸው ንግሥተ ነገሥታት ሆነ። ጎንደር ያደጋችሁ ሽማግሌዎቻችን ቁስቋምን ያሠሩትን እቴጌ ምንትዋብን ታውቃላችሁ። ምንትዋብ አገር ገዝተዋል፤ ቢሆንም የገዙት የበካፋ ሚስትና የንጉሡ የኢያሱ እናት ሆነው ነው፣ ስለዚህም እቴጌ ተባሉ። ጣይቱም በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ከባላቸው ሁለት ቀን በኋላ ነው። ዘውዲቱ ግን ዘውዱ የደረሳቸው ከአባታቸው በመሆኑ እንደ ንጉሠ ነገሥት አዲስ የሴት ማዕረግ አስፈለጋቸው። አንድ ነገር ደግሞ አስገረመን። በአማርኛ ለክብር ነገሡ፣ ሞቱ ስንል ወንድ ይሁኑ ሴት አይለይም። በዕብራይስጥ ግን በእያንዳንዱ ግሥ ይለያል። የዘውዲቱን ሴትነት የሚናገረው ማዕረጋቸው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ልባችንን የነካው። ንጉሠ ነገሥት ሚስቱን እቴጌ ያደርጋል። የንግሥተ ነገሥታት ባል ምን ይደረጋል? ለእርሱ የተዘጋጀ ስም አልነበረም። የሸዋ መኳንንት የጣይቱ ዘመድ የሆኑት ጉግሣ በሚስታቸው በኩል ሥልጣን ይይዛሉ ብለው ፈሩ። ስለዚህ ዘውዲቱ ዘውዱን ሲቀበሉ ከባላቸው እንዲለያዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ በጌምድርን እንዲገዙ ተሾሙ። ያኔ የእኛ ቅድመ አያቶች የቤተ እስራኤል ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ አገር ይኖሩ ስለነበር፣ የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ገዢያቸው ነበሩ ማለት ነው።  እኛ ይህን ፍርድ ትክክል አይደለም እንላለን፤ በክፍላችን ግን የአገር ሰላም ይቀድማል ያሉም ነበሩ።

ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1928 እ.ኤ.አ. ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘውዲቱ በጾምና በጸሎት ይበልጥ ይተጉ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በተፈሪ ላይ ተነሡ። መጋቢት 22 ቀን (እ.ኤ.አ. መጋቢት 31፣ 1930) በአንቸም ጦርነት የመንግሥት አውሮፕላን በላያቸው በረረ፣ እሳቸውም ተገደሉ። የባላቸውን ጦር የወጋው በዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት የሚታዘዝ ጦር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ታመው የነበሩት ንግሥት ሞቱ። ሰው በኀዘን ነው፣ በበሽታ ነው እያለ ብዙ ያወራል።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ሚስታቸው መነን በዚያው ቀን ዘውድ ጫኑ፤ እቴጌ መነን ተባሉ። ከዘውዲቱ በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የተባለች ሴት የለችም።

ዘውዲቱ የተቀበሩት በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ምኒልክና ጣይቱም እዚያው አሉ። ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ በዕብራይስጥ ስንገለብጥ ለጣይቱ ኬሳሪት ብለን ጻፍን፤ ለዘውዲቱ ግን ንግሥተ ነገሥታት የሚለውን በአማርኛው ተውነው።