ፍሪትዮፍ ናንሰንና የባሕር ጅረት

ስለ ሰሜን ዋልታ ተጓዦች ሲነገር ናንሰን ዋልታውን ሳይደርስበት የተመለሰ ሰው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን የሕይወት ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ ካልደረሰበት ዋልታ ይልቅ ይዞት የመጣው ዕውቀት እንደሚበልጥ ተረድቻለሁ።

ናንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. በኖርዌይ፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። በ1881 ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ የሰጠመች የአሜሪካ መርከብ ዕቃ ከሦስት ዓመት በኋላ በግሪንላንድ ዳርቻ ተገኘ። ናንሰንም ይህን ዕቃ በረዶውን የሚነዳ ጅረት አመጣው ብሎ አሰበ። አሳቡን ለመፈተን በረዶ ሲጫናት ወደ ላይ የምትነሣ ፍራም የተባለች መርከብ አሠርቶ በ1893 ከ12 ሰዎች ጋር ጉዞ ጀመረ።

በሳይቤሪያ ዳርቻ ባሉት ደሴቶች አጠገብ መርከቢቱ በእንፋሎት ኃይል እየሄደች ሳለ በድንገት ፍጥነቷን አጣች። ምክንያቱን ስዊድናዊው ኤክማን በ1904 አስረዳ፤ ጨው የሌለው ቀላል ውሃ በከባዱ ጨዋማ ውሃ ላይ ሲተኛ መርከብ በሁለቱ መካከል የተሰወረ ማዕበል ታስነሣለች፤ ኃይሏም በዚያ ያልቃል።

ባሕሩ ጥልቀት የለውም ተብሎ ስለ ታሰበ የያዙት መለኪያ ገመድ አልበቃም። የመርከቢቱን የብረት ገመድ ፈትተው ረጅም መለኪያ ቢሠሩ ጥልቀቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። ከቀዝቃዛው ውሃ በታችም ከአትላንቲክ የመጣ ሞቅ ያለ ውሃ አገኙ። ደግሞም በረዶው ነፋሱን ተከትሎ በቀጥታ እንደማይሄድ፣ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል ናንሰን አስተዋለ፤ ይህም ከምድር መሽከርከር የተነሣ መሆኑን ኤክማን በሒሳብ አሳየ።

ናንሰን በ1895 ከአንድ ጓደኛው ጋር መርከቢቱን ትቶ ወደ ዋልታው ቢገሠግሥም ከ86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ አላለፈም፤ በ1896 በሰላም አገሩ ገባ። ሕዝቡ በደስታ ሲቀበለው እርሱ ግን የጥልቁን ውሃ የጨው መጠን በትክክል እንዳልለካ ተረዳ። ስለዚህ ዝናው ሳያታልለው መሣሪያ ወደ ማሻሻል ተመለሰ። በስሙ የሚጠራው የነሐስ ውሃ መቅጃ አፉ ተከፍቶ በገመድ ይወርዳል፤ ከመርከብ የተለቀቀ ትንሽ ክብደት ሲመታው ተገልብጦ ይዘጋል። አብሮት የሚገለበጠው ቴርሞሜትርም ሜርኩሪው ስለሚቆረጥ የዚያን ጥልቀት ሙቀት ሳይለውጥ ይዞ ይወጣል። በዚህ መሣሪያ መርከቦች ለብዙ ዓመታት የባሕርን ሙቀትና ጨው ለክተው የጥልቁን ጅረት መንገድ ዐወቁ።

ናንሰን ለስደተኞች ባደረገው እርዳታ በ1922 የኖቤልን የሰላም ሽልማት አግኝቶ በ1930 ዐረፈ። እኔም ትምህርቴን ልጨርስ በተቃረብሁበት በዚህ ዓመት ከእርሱ የተማርሁት፣ ሰው ያሰበበት ባይደርስም በመንገዱ ያየውን በትክክል ከለካና ስሕተቱን ካረመ ድካሙ ከንቱ አለመሆኑን ነው።