ግሬስ ሆፐርና የተሳሳተው አድራሻ

ስለ ኮምፒዩተር ወሬ በተነሳ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናስበው መነጽር ያደረገ ወንድ መሐንዲስ ነው። ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ሴት ናቸው፤ ያውም እንደ እኛው የጠመኔና የጥቁር ሰሌዳ ሰው። ስማቸው ግሬስ ሆፐር ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሬስ በ1906 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈታችው። መልሶ መግጠሙ ሲያቅታት ሁለተኛውን ፈታች፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እናቷ ነገሩን የደረሱበት ሰባት ሰዓት ከተበታተነ በኋላ ነው። ታዲያ ቁጣው በዛ አይባልም፤ ከእንግዲህ አንዱን ሰዓት ብቻ ፍቺ ተባለች።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከ1931 ጀምሮ እዚያው ቫሳር ሒሳብ እያስተማሩ በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከማስተማር ዘዴያቸው አንዱን እኛ አሠልጣኞችም ሠልጣኞችም ልብ ብንለው ይበጀናል። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ድርሰት ያስጽፉ ነበር! ተማሪዎቹ ይህ የቋንቋ ትምህርት አይደለም ብለው ቢያጉረመርሙም አልተበገሩም፤ ያወቁትን ለሌላ ሰው ማስረዳት ካልቻሉ ሒሳብ መማራቸው ዋጋ እንደሌለው ነገሯቸው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በ1943 የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር አባል ሆኑ። ክብደታቸው ከተወሰነው በ7 ኪሎ ያህል ያንስ ስለነበር የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። በ1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የሃዋርድ ኤይከን የሒሳብ ማስያ ክፍል ተመደቡ። እዚያ የጠበቃቸው ማርክ አንድ የሚባል፣ 15 ሜትር ርዝመትና ከ4 ቶን በላይ ክብደት ያለው መኪና ነበር። ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ነው። ኤይከን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸውና ከ500 ገጽ በላይ የሆነው መጽሐፍ በ1946 ታተመ። የድርሰቱ ነገር እዚህ ላይ ሳይጠቅም አልቀረም።

ስለ እሳት ራቷ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1947 መስከረም ወር ላይ ማርክ ሁለት የተባለው መኪና ሲታወክ ሠራተኞቹ ከፍተው ቢያዩ አንዲት የእሳት ራት በኤሌክትሪክ ማገናኛው ውስጥ ሞታ ተገኘች። አውጥተው በመዝገቡ ላይ ለጠፏት። መዝገቡ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፤ የእሳት ራቷም አብራው አለች። ብዙ ሰው ሆፐር ራሳቸው እንዳገኟት፣ ስሕተትን በተባይ ስም መጥራትም ከዚያ ቀን እንደጀመረ ያወራል። ልክ አይደለም። ቃሉን ቶማስ ኤዲሰን በ1878 ሳይቀር ተጠቅሞበታል፤ እሳቸውም ወሬውን ደጋግመው በማውጋት አስፋፉት እንጂ ራቷን አላገኙም።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ሌላ ነው፤ ሬሳው የማይገኝ ተባይ።

በ1949 ሆፐር ዩኒቫክን ይሠራ ወደነበረው የኤከርትና የሞክሊ ድርጅት ገቡ። የዩኒቫክ ማኅደረ ትውስታ እንደ ፖስታ ቤት ሣጥን በቁጥር የተለዩ 1000 ሣጥኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ሣጥን 12 ፊደል ወይም አኃዝ ይይዛል። ሁለት ትእዛዝም አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስምም፣ ቁጥርም፣ ትእዛዝም የሚቀመጡት በአንድ ዓይነት ሣጥን ነው። መኪናው አይቶ አይለያቸውም።

ፕሮግራም ጻፊዎቹ በደንብ የሠራላቸውን ንዑስ ፕሮግራም በደብተር ይዘው ለሚቀጥለው ሥራ በእጃቸው ይገለብጡት ነበር። እንበል ንዑሱ ፕሮግራም ሲጻፍ ከሣጥን 000 ይጀምራል። አሁን ግን 340 ላይ ይቀመጥ ከተባለ፣ በውስጡ ያለው አድራሻ ሁሉ 340 ይደመርበታል። 012 የነበረው 352 ይሆናል ማለት ነው። ደክሞት የነበረ ሰው 342 ብሎ ቢጽፍስ? ሣጥን 342 የራሱ የንዑሱ ፕሮግራም ሦስተኛ ሣጥን ነው። መኪናው ስም አስቀምጥ ተብሎ ታዟልና ያለ ምንም ጥያቄ እዚያ ያሉትን ትእዛዞች ደምስሶ ስሙን ይጽፋል። በኋላ ዞሮ 342 ላይ ሲደርስ የሰውን ስም እንደ ትእዛዝ ያነባል! ስሕተቱ ሌላ ቦታ፣ ጉዳቱ ሌላ ቦታ። ባለ 15 ፊደል ጽሑፍ አንድ ሣጥን ብቻ ቢመደብለትና በሁለት ሣጥን ቢጻፍም ያው ነው፤ ትርፉ ጎረቤቱን ይበላል።

ዩኒቫክ ሒሳቡን በሁለት መንገድ ሠርቶ የሚያስተያይ መቆጣጠሪያ ነበረው። ይህ ግን የተበላሸ የኤሌክትሪክ ክፍል እንጂ የተሳሳተ አድራሻ አይዝም። በዚያ ላይ ባዶ ቦታ የሚመለከተው በሦስት ማዕዘን ምልክት ስለነበር ተቻኩሎ የተጻፈው 4 ይመስላል፤ የላቲኑ "ቢ" ደግሞ 13 ሆኖ ይገለበጣል። የተማሪ ደብተር ያረመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሆፐር ከዚህ ሁሉ የደረሱበት ፍርድ ቀላል ነው። ሰው በትክክል መገልበጥም መደመርም አይችልም፤ መኪናው ግን ሁለቱንም ይችላል። ስለዚህ ንዑሳን ፕሮግራሞቹን እየቆጠሩ በማግኔት ጥቅልል ላይ አስቀመጡ። ሰውየው መጥሪያ ቁጥራቸውን ብቻ ይጽፋል፤ መኪናው ራሱ ፈልጎ ይገለብጣል፣ አድራሻውንም ራሱ ይደምራል። ይህ በ1952 የታወቀው "ኤ ዜሮ" የተባለው ኮምፓይለር ነው። እውነቱን ለመናገር የዛሬ ባለሙያዎች ሊንከር ወይም ሎደር ነው ይሉታል። ሥራው ግን ሥራ ነው። ያኔ እንኳ ኮምፒዩተር ከሒሳብ በቀር ሌላ አይሠራም እየተባለ ሰሚ አጥተው ቆይተዋል።

ቀጥለው ፍሎው ማቲክ የተባለውን በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ቋንቋ አዘጋጁ። በ1959 የተሰበሰበው ኮሚቴ ኮቦልን ሲነድፍ ዋናው መሠረቱ ይኸው ነበር፤ እሳቸውም በአማካሪነት ረድተዋል። በኮቦል ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ፊደል እንደሚይዝ አስቀድሞ ይነገራል። 15 ፊደል ወደ 12 ቦታ ቢዛወር ትርፉ ይቆረጣል እንጂ ጎረቤት አይነካም። የሰው ስም መቆረጡስ? እሱም ጥፋት ነው፤ ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ይያዛል።

በ1966 ከባሕር ኃይል በጡረታ ተሰናበቱ፤ በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተጠሩ። ስድስቱ ወር 19 ዓመት ሆነ! በእነዚያ ዓመታት ንግግር ለማድረግ ሲሄዱ 30 ሳንቲሜትር የምታህል ሽቦ እየቆረጡ ያድሉ ነበር። የኤሌክትሪክ ምልክት በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ ከዚያች ርዝመት እንደማያልፍ አድማጩ በእጁ ይዞ እንዲያየው ነው። ከዚህ የተሻለ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እኛ አላየንም፤ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም።

በ1986 በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ፣ ቦስተን ወደብ በቆመችው ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ መርከብ ላይ ተሸኙ። ከዚያም በዲጂታል ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሲያስተምሩ ቆይተው ጥር 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ዐረፉ። የተቀበሩት በአርሊንግተን ነው።