ስለ ሁሉ ነገር ያመሰገነ አባት፦ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ



በሀገራችን ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ሰላምታውን የሚያሳርገው በምስጋና ነው። እንደምን አደራችሁ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ዝናም በወቅቱ ሲዘንም፣ ነፍሰ ጡር በሰላም ስትገላገል፣ መንገደኛ ከቤቱ ሲገባ፣ የጠማው ውኃ ሲያገኝ ተመስገን ይባላል። ቃሉ ከአፋችን እንደማይጠፋ እርግጥ ነው። ነገር ግን ምስጋናው ከአፍ አልፎ ከልብ ይደርሳልን? በደስታ ቀን የምንለውን ተመስገን በኀዘን ቀንስ እንለዋለንን? እኛ ጠግበን ስናመሰግን በደጃችን የተራበ ቆሞ ቢሆን ምስጋናችን ምን ዋጋ ይኖረዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በኑሮውና በዕረፍቱ ጭምር ከመለሱልን አበው አንዱ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለሆነ፣ በዚህ የበዓል ገጽ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደናል።

ይህን ቅዱስ ከመስቀል በዓል ጋር የሚያገናኘውም ነገር አለ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ407 ሴፕቴምበር 14 ቀን ነው። ይህ ቀን በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ከእኛ መስከረም 16 ወይም 17 ጋር የሚገጥም ሲሆን፣ በግሪኮች ዘንድ የመስቀል በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በዚህም ምክንያት እነርሱ መታሰቢያውን ወደ ኖቬምበር አዛውረውታል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ግንቦት 12 ቀን ታስበዋለች።

የመበለቲቱ ልጅ

ቅዱስ ዮሐንስ የተወለደው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ347 ገደማ፣ በአንጾኪያ ከተማ ነው። አባቱ ሴኩንዱስ የጦር መኮንን ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ መበለት ሆና ቀረች። ወጣትና የቤተ ሰብ ልጅ ስለ ነበረች ሁለተኛ ባል ለማግባት የሚከለክላት አልነበረም። እርስዋ ግን ሌላ ትዳር ሳትሻ ልጇን በምግባርና በሃይማኖት ኰትኵታ አሳደገችው። ዮሐንስን የንግግር ጥበብ ያስተማረው ሊባንዮስ የአሕዛብን አማልክት የሚያመልክ ሰው ቢሆንም፣ የዚህችን እናት ጽናት በሰማ ጊዜ ስለ ክርስቲያን ሴቶች አድናቆቱን ሳይገልጽ አላለፈም።

ዮሐንስ ዓለምን ትቶ ለመመንኰን ባሰበ ጊዜ እናቱ እጁን ይዛ፣ እርሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ አስቀምጣ፣ ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት በእንባ ለመነችው። እርሱም ልመናዋን ተቀብሎ ቆየ። በኋላ በአንጾኪያ አቅራቢያ ወዳለው ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት በአንድ አረጋዊ መነኵሴ እግር ሥር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በዋሻ ብቻውን በጾምና በትጋሃ ሌሊት ኖረ። በብርድና በረኀብ ሆዱና ኵላሊቱ ስለ ታመሙ ወደ ከተማ ለመመለስ ተገደደ። ይህ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። እንግዲህ ስለ ምስጋና ያስተማረን ሰው ጤና የሞላለት፣ ኑሮ የደላው ሰው እንዳልነበረ ከዚህ ላይ ልብ ልንል ይገባናል።

አንጾኪያ በፍርሃት ስትናወጥ

እ.ኤ.አ. በ381 ዲቁናን፣ በ386 ቅስናን ተቀበለ። ቅስና በተቀበለ በዓመቱ በከተማዋ ታላቅ መከራ ደረሰ። በንጉሥ ቴዎዶስዮስ የታወጀው ከባድ ግብር ሕዝቡን አስቈጥቶት ስለ ነበር፣ ሁከተኞች ተነሥተው የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ከየመቀመጫቸው ገልብጠው በጎዳና ጐተቱ። ይህ በዚያ ዘመን ሕግ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ብዙዎች ተይዘው ተቀጡ፤ የቀሩትም ከተማዋ ትጠፋለች ብለው ወደ ገጠርና ወደ ተራራ ሸሹ። ሊቀ ጳጳሱ ፍላብያኖስ ምንም እንኳ በዕድሜ የገፋ ቢሆንና እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ ብትሆንም፣ ንጉሡን ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ።

በዚያ የጾም ወራት ሕዝቡን በማጽናናት የቀረው ወጣቱ ቄስ ዮሐንስ ነበር። ስለ ሐውልቶቹ የተባሉት ሃያ አንድ ድርሳናት ከዚህ ጊዜ የተገኙ ናቸው። ዮሐንስ ሕዝቡን አይዞህ ምንም አይደርስብህም ብሎ አልሸነገለውም። ይልቁንም ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤንነቱን በአንድ ጊዜ አጥቶ ፈጣሪውን ያመሰገነውን ጻድቁ ኢዮብን አስታወሰው፤ መሐላን ከአፉ እንዲያስወግድ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዲታረቅ መከረው። በፋሲካ ሰሞን ሊቀ ጳጳሱ የንጉሡን ምሕረት ይዞ ሲመለስ ከተማዋ በደስታ ተሞላች። ያን ጊዜ ዮሐንስ የሰጠው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው፤ እግዚአብሔርን መከራውን ስላራቀላቸው ብቻ ሳይሆን መከራው እንዲመጣ ስለ ፈቀደም ጭምር እንዲያመሰግኑ አሳሰባቸው። በመከራው ምክንያት የተከፈተው ልብ በደስታው ምክንያት ተመልሶ እንዳይዘጋ ፈርቶ ነበርና።

ማዕድ፣ ቤትና ድኻ

ቅዱስ ዮሐንስ በአንጾኪያ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ሲያስተምር ዘወትር የሚመለስበት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የእያንዳንዱ ምእመን ቤት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ትሁን የሚል ነው። ሰዎች ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከሥጋዊው ማዕድ ጋር መንፈሳዊውንም ማዕድ እንዲያቀርቡ፣ አባት የሰማውን ትምህርት ለሚስቱና ለልጆቹ እንዲደግምላቸው ይመክር ነበር። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም መነኰሳት ከማዕድ በኋላ የሚያደርሱትን የምስጋና ጸሎት በማንሣት፣ ሕዝቡም እንደ እነርሱ ከምግብ በኋላ እንዲያመሰግን አስተማረ። ለእርሱ ምስጋና በበዓል ቀን ብቻ የሚለበስ የክት ልብስ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የማዕዱ ምስጋና በማዕዱ ዙሪያ ብቻ እንዲቀር አልፈቀደም። ስለ ባለጸጋውና ስለ አልዓዛር በሰጣቸው ድርሳናት፣ የተትረፈረፈ ሀብት ለባለቤቱ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ፣ ለድኻ ያለማካፈልም ራሱ እንደ ቅሚያ እንደሚቈጠር አስረዳ። የቤተ መቅደሱን መንበር በወርቅ እያስጌጡ በደጁ የተራበውን ክርስቶስን መርሳት ምን ያህል የተገላቢጦሽ እንደሆነም በግልጽ ገሠጸ። እንግዲህ ከጥጋብ የተነሣ የሚቀርብ ምስጋና ለተራበው ካልተረፈ ምስጋናው ሙሉ አይደለም ማለት ነው።

በቁስጥንጥንያ መንበር

እ.ኤ.አ. በ397 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ስላረፈ ዮሐንስ ሳያስበው ከአንጾኪያ ተወስዶ በ398 በመንበሩ ላይ ተሾመ። ወደ መንበረ ጵጵስናው እንደ ገባ የግብር ማብላቱን ወጪ ቀንሶ ገንዘቡን ለሕሙማን መታከሚያ ቤቶች አዋለው። ራሱም ሕመሙ በሚፈቅድለት ጥቂት ምግብ ብቻውን ይመገብ ነበር። የጳውሎስን መልእክት ወደ ቈላስይስ ሰዎች ሲተረጕም ለመጸዳጃ እንኳ የብር ዕቃ የሚያሠሩትን ወይዛዝርት ሳያፍር ወቀሳቸው።

በዚያው ትርጓሜ ውስጥ ግን ለተራ ቤተ ሰብ የሚሆን አንድ ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። ልጅ ሲታመም ጎረቤት ተሰብስቦ ክታብ እሰሪለት፣ አስማተኛ ጥሪለት እያለ እናቲቱን ያስጨንቃት ነበር። ዮሐንስ እንዳስተማረው፣ ይህች እናት በአልጋው አጠገብ ቆማ አስማቱን እምቢ ብላ እግዚአብሔርን ብታመሰግን ክብሯ ከሰማዕታት ክብር አያንስም። ሰማዕትነት በአደባባይ በሰይፍ ፊት ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በጓዳ፣ በታመመ ልጅ አልጋ አጠገብም የሚገኝ መሆኑን በዚህ ገለጠ። የታመመ ልጅ ያላት እናት ይህን ስትሰማ ምስጋና ከእርስዋ አቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳልሆነ ትረዳለች።

ተግሣጹ ለሹማምንትና ለቤተ መንግሥት አልጣመም። በተለይም ንግሥት አውዶክስያ ተቀየመችው። እ.ኤ.አ. በ403 የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በመራው ጉባኤ ከመንበሩ እንዲወርድ ተፈረደበት፤ ወዲያው ቢመለስም ጠቡ አልበረደም። በ404 ጁን 20 ቀን ከሚወደው ሕዝብ ተለይቶ ወደ ግዞት ሄደ።

ንጹሕ ውኃና ያልሻገተ እንጀራ

የግዞቱ ስፍራ በአርማንያ ተራሮች መካከል ያለችው ኩኩሶስ፣ በዛሬዋ ቱርክ ጎክሱን የምትባለው ከተማ ነበረች። መንገዱ ሰባ ቀን ያህል ፈጀ። በበጋው ሐሩር ትኵሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ ሲጓዝ በቀጰዶቅያ ወደምትገኘው ቂሣርያ ደረሰ። ከዚያ ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ ያስታወሳቸውን ነገሮች ስናነብ እንገረማለን። ንጹሕ ውኃ መጠጣቱን፣ ያልሻገተና ያልደረቀ እንጀራ መብላቱን፣ በስባሪ ገንዳ ሳይሆን በመታጠቢያ ቤት መታጠቡን፣ በአልጋ ላይ እንዲተኛ መፈቀዱን አንድ በአንድ ቈጥሯል። በታላቂቱ ከተማ መንበር ላይ የተቀመጠ አባት አንዲት ኩባያ ንጹሕ ውኃን እንደ ታላቅ ስጦታ መቍጠሩ፣ እኛ በየማለዳው ሳናስተውል የምናልፋቸውን በረከቶች ቈም ብለን እንድንቈጥር ያደርገናል።

ኩኩሶስ ሲደርስ ዲዮስቆሮስ የሚባል የዚያ አገር ሰው የራሱን ቤት ለቀቀለት፤ ለክረምቱም እንዲመች አድርጎ አዘጋጀው። በዕድሜ የገፋችው ዲያቆናዊት ሳቢንያናም ልታገለግለው ድካሙን ሁሉ ችላ ተከትላው መጣች። ቅዱስ ዮሐንስ እነዚህን ሰዎች በደብዳቤዎቹ እያነሣ ውለታቸውን መስክሯል። የሰውን ደግነት ሳያመሰግኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ማለት እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

ከሁለት መቶ የሚበልጡ ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ከእነዚህም አሥራ ሰባቱ ለዲያቆናዊት ኦሊምፒያዳ የተጻፉ ናቸው። ይህች ባለጸጋ መበለት ሀብቷን ለድኾች የበተነች ስትሆን፣ ከእርሱ ግዞት በኋላ በጥልቅ ኀዘን ተውጣ ነበር። ቅዱሱ ኀዘንሽን ተዪና አመስግኚ ብሎ አላቃለለባትም። ተስፋ መቍረጥ ከሥጋ ሕመም ሁሉ የከፋ መሆኑን አምኖላት፣ ቀስ በቀስ ወደ ኢዮብ ትዕግሥት መራት። የራሱንም ሥቃይ አልሸሸገም። በክረምቱ ከቤት መውጣት አቅቶት፣ ብዙ ልብስ ደራርቦ፣ በእሳቱ ጢስ እየታፈነ፣ ራስ ምታትና ትውከት እያሠቃየው ከሞት ደጃፍ ደርሶ እንደ ነበር ጽፎላታል። ብርዱ አልፎ አየሩ ሲለዝብ ግን ኃይሉ እንደ ተመለሰለት ሊያበሥራት አልዘገየም። እውነተኛ ምስጋና ሕመምን መካድ አይደለም፤ ሕመሙን ተናግሮ በሕመሙ መካከል የእግዚአብሔርን ቸርነት ማየት ነው።

የመጨረሻው ሌሊት

ሕዝብ ወደ ግዞት ስፍራው እየመጣ ስለ ጐበኘው ጠላቶቹ ቀኑበት። እ.ኤ.አ. በ407 በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ጠረፍ ወዳለችው ጲጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ጳላዲዮስ እንደሚተርከው፣ ሁለት ወታደሮች በዝናምና በፀሐይ ሦስት ወር ያህል አጓዙት። አንደኛው በሥውር ይራራለት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ርኅራኄ አልነበረውም፤ ሊታጠብና ሊያርፍ በሚችልባቸው ከተሞችም እንዲቆይ አልፈቀደለትም።

በጳንጦስ አውራጃ ኮማናን አልፈው በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በዚያች ሌሊት ሰማዕቱ ተገልጦ በማግሥቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። ጧት ጥቂት እንዲያቆዩት ቢለምንም ወታደሮቹ እምቢ ብለው መንገድ ጀመሩ። ሕመሙ ስለ ጸናበት ግን ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን መለሱት። ቅዱስ ዮሐንስም ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የቀረውን ንብረቱን በዚያ ላሉት አካፈለ፤ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን ብሎ እንደ ልማዱ አመስግኖ፣ አሜን ብሎ አማትቦ ነፍሱን ሰጠ። ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር።

በዚያ ምስጋና ውስጥ ዙፋኑም ግዞቱም፣ የሕዝቡ ፍቅርም የወታደሩ ጭካኔም አብረው ይገኛሉ። ቃሉ በመጨረሻው ቀን ድንገት የተገኘ አልነበረም። በማዕድ፣ በሕመም፣ በመንገድ ለብዙ ዓመታት ሲለማመደው ስለ ኖረ በሞት ሰዓት ከአፉ አልጠፋም። በ438 ዓጽሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ሲገባ የተቀበለው የንግሥት አውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ነበር። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ስሙን ከቅዱሳን አበው ጋር ታስበዋለች።

እኛና ምስጋና

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ድርሳኑም በሊቃውንት ጉባኤ ቤት ከነትርጓሜው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ቅዳሴያችን ራሱ አኰቴተ ቍርባን መባሉ የአምልኮታችን ልብ ምስጋና መሆኑን ይናገራል።

እንግዲህ በዚህ በዓል ደመራውን ለኩሰን ወደ ቤታችን ስንገባ ምስጋናውን ከደጅ አንተወው። ጧት ስንነሣ ስለ ሌሊቱ፣ ውኃ ስንጠጣ ስለ ውኃው፣ ማዕድ ሲነሣ ስለ እንጀራውና እንጀራውን ስለ ጋገሩት እጆች እናመስግን። በቤታችን የሚያገለግለንን ሰው ውለታ በስሙ ጠርተን እንመስክር። ያዘነውን ሰው አመስግን ብለን ከመገሠጻችን በፊት አጠገቡ እንቀመጥ። ከበዓሉ ማዕድ ለነዳያን ሳናካፍል ተመስገን ብለን አንነሣ። እንዲህ ያደረግን እንደሆነ፣ የመከራ ቀን ሲመጣ ምስጋና እንግዳ አይሆንብንም።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በረከቱ ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።